የአዲስ ዓመት የሥራ እቅድ በሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች

"ኤጀንሲ" ሲባል አብዛኛው ሰው ወዲያው የሚያስበው ዐረብ አገር የሚልከውን ነው። እዚህ የማወራው ግን ስለ አገር ውስጦቹ ነው። ለባንክ፣ ለፋብሪካ፣ ለሆቴል፣ ለእርዳታ ድርጅት ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ሹፌር፣ ካሸር፣ ሒሳብ ሠራተኛ ፈልገው ስለሚያቀርቡት። እዚያ የሚሠሩት መልማዮችና ሱፐርቫይዘሮች እንደማንኛውም ሰው በአዲስ ዓመት እቅድ ያወጣሉ። የእነሱ እቅድ ግን የሌላ ሰው እንጀራ ነው። ሲሳካም ሲከሽፍም ስልኩን ይዞ የሚጠብቅ ሥራ ፈላጊ አለ። እኔም ጥቂት ዓመታት መልማይ ሆኜ ስለሠራሁ ጉዳዩን ከውስጥ አውቀዋለሁ።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እንዲህ ያለ ኤጀንሲ ሁለት ዓይነት ሥራ መሥራት ይችላል። አንደኛው ማገናኘት ብቻ ነው። ሰውየው የሚፈርመው ከቀጣሪው ጋር ነው፣ ኤጀንሲው ውሉ ውስጥ የለበትም። ሁለተኛው ኤጀንሲው ራሱ ቀጥሮ ሠራተኛውን ወደ ሌላ ድርጅት የሚያሰማራበት ነው፤ በየቢሮው "አውትሶርስ" የሚባለው ይሄ ነው። በሁለቱም ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ መቀበል አይቻልም። ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181ም መነሻው ይሄው ነው። ኤጀንሲን ከደላላ የሚለየው ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። ግን ከፋዩ ቀጣሪው ስለሆነ እቅዱም ወደ ቀጣሪው ያደላል። ስንት ሰው አቀረብን፣ ስንት ክፍት ቦታ ሞላን፣ ስንት ብር ገባ። ሥራ ፈላጊው ሰንጠረዡ ላይ አይታይም። እቅዶቹ በየዓመቱ የሚፈርሱት፣ በእኔ እምነት፣ ከዚህ የተነሣ ነው።

ኤጀንሲ ቤት አዲስ ዓመት ሦስት ጊዜ ይመጣል። መጀመሪያ ሐምሌ 1፣ የመንግሥት የበጀት ዓመት ሲገባ። ብዙ የግል ድርጅቶችም ሒሳባቸውን በዚሁ ስለሚዘጉ የዓመቱ ታርጌት ያኔ ይወጣል። ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስመርቁትም በዚያው ሰሞን ስለሆነ ሲቪው እንደ ክረምቱ ዝናብ ይወርዳል። ቀጥሎ መስከረም 1። ይሄ የልብ አዲስ ዓመት ነው፤ ሰው ከራሱ ጋር ቃል የሚገባው አደይ አበባ ሲያይ ነው እንጂ በጀት ሲጸድቅ አይደለም። ሦስተኛው የፈረንጆቹ ጃንዋሪ ነው። ከእርዳታ ድርጅቶችና ከውጭ ኩባንያዎች ጋር የሚሠራ ኤጀንሲ የእነዚህ ደንበኞች በጀት ታኅሣሥ ላይ አልቆ እንደገና እስኪለቀቅ መጠበቅ አለበት። ሦስቱን የማይለይ መልማይ መስከረም ላይ ያወጣውን እቅድ ታኅሣሥ ላይ ሲቆም ያየዋል፣ ከዚያ "እኔ ሰነፍ ነኝ" ብሎ ይደመድማል። ስንፍና ላይሆን ይችላል። ደንበኛው በጀት ጨርሶ ነው።

ስለ ጳጉሜንም አንድ ነገር ልበል። አምስት ቀን ናት፣ በየአራት ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ስድስት ትሆናለች። ብዙ አመልካች አገር ቤት ስለሚሄድ ቢሮው ጸጥ ይላል። ፋይል ለማጽዳት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላውቅም። ስልኩ የማይሠራ፣ ሥራ አግኝቶ የሄደ፣ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ሰው ይወጣል። ባልጸዳ ፋይል የተጀመረ እቅድ ጥቅምት ሳይደርስ ያስቸግራል።

የመጀመሪያ ዓመቴ እቅድ አንድ መስመር ነበር፦ "በወር 20 ሰው አስቀጥራለሁ።" በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ ከጠረጴዛዬ ፊት ለጠፍኩት። መስከረም ላይ 11 ሆነ፣ ጥቅምት ላይ 6። አንድ ደንበኛ 8 ካሸር አዝዞ ኢንተርቪው ካለቀ በኋላ ቅርንጫፉ መከፈቱ ተራዘመ። ሌላው ደመወዙን ቀነሰ፣ የተመረጡት ሁሉ ቀሩ። ወረቀቱን ራሴ ነው ያነሣሁት፣ ማየቱ አስጠላኝ። ቁጥሩ በእኔ እጅ አልነበረም። ደንበኛው፣ በጀቱ፣ ሰውየው፣ ሦስቱም እሺ ካላሉ 20 አይሞላም።

በሁለተኛው ዓመት በእጄ ያለውን ብቻ ጻፍኩ። በቀን ለ10 ሰው እደውላለሁ። ኢንተርቪው ያደረገ ሰው ሁሉ፣ አለፈም ወደቀም፣ በ3 ቀን ውስጥ ከእኔ አንደበት ውጤቱን ይሰማል። ይሄኛው ጸና። ሁለተኛው ከባድ ነበር፣ "አልተሳካም" ለማለት መደወል ማንም አይወድም። ግን ስትደውልለት "እሺ፣ ቢያንስ ነገራችሁኝ" ይልሃል። ያ ሰው ለሌላ ቦታ ስትፈልገው ስልኩን ያነሣል። ዝም የተባለው አያነሣም።

ጥናቱም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኤድዊን ሎክና ጌሪ ሌተም የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ለዓመታት ባደረጉት ምርምር ግልጽና ፈታኝ ግብ "የቻልኩትን አደርጋለሁ" ከሚለው የተሻለ እንደሚያሠራ አሳይተዋል። ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልቪትዘር ደግሞ "መቼ፣ የት፣ እንዴት" ተብሎ የታሰረ እቅድ የበለጠ እንደሚፈጸም አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ የጆን ኖርክሮስና ባልደረቦቹ ጥናት አሜሪካ ውስጥ በአዲስ ዓመት ቃል ከገቡት 46 በመቶው ከስድስት ወር በኋላም ጸንተው ተገኝተዋል፤ መለወጥ ፈልገው ቃል ካልገቡት ግን 4 በመቶው ብቻ። ስለዚህ እቅድ ማውጣቱ ከንቱ አይደለም። እኔ የጎልቪትዘርን ነገር የማደርገው እንዲህ ነበር፦ ጠዋት ከቡና ስመለስ፣ ኢሜይል ሳልከፍት፣ ትናንት ኢንተርቪው ላደረጉት እደውላለሁ። ኢሜይሉ ከተከፈተ ቀኑ የደንበኛው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ወደ 60ዎቹ ቀናት። በአዋጁ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በዚያ ጊዜ ሠራተኛው ለቦታው ካልሆነ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል፣ ሠራተኛውም ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። እኛ በምንፈርማቸው ውሎች ላይ በሙከራ ጊዜ የወጣ ሰው በነጻ ይተካል የሚል አንቀጽ ነበረ። ስለዚህ መስከረም ላይ "5 ሰው አስገባሁ" ያለ መልማይ በእርግጥ ስንት እንዳስገባ ገና አያውቅም። በሳምንት ስድስት ቀን በሚሠራበት ቤት 60 የሥራ ቀን አሥር ሳምንት ነው፣ መሐል የሚገቡ በዓላት ትንሽ ይገፉታል። መስከረም መጀመሪያ ላይ የገባ ሰው የሚለየው ኅዳር ሚካኤል አካባቢ ነው። የአዲስ ዓመት እቅድ የመጀመሪያ ፈተናው ያኔ ነው እንጂ መስከረም 30 በሚወጣው ሪፖርት አይደለም። እኔ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ቀን አስምር ነበር፦ በ3ኛው ቀን፣ በ20ኛው፣ በ50ኛው። በ3ኛው ቀን ስትደውል ችግሩ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ ትራንስፖርት ይርቀዋል፣ ምሳ የት እንደሚበላ አላወቀም፣ የተነገረው ሰዓት ሌላ ሆነበት። ያን ቀን ከተሰማ ይስተካከላል። በ50ኛው ቀን ከሰማኸው ሰውየው ልቡ ወጥቷል።

ሌላው እቅድ የሚሰናከልበት ነገር ዋስ ነው። ካሸር፣ ሹፌር፣ ንብረት ክፍል፣ ጥበቃ፣ ብዙው ቦታ ደመወዝተኛ ዋስ ይጠየቃል። አንድ ልጅ አስታውሳለሁ፣ ከክፍለ ሀገር መጥቶ አጎቱ ጋር የሚኖር። ፈተናውን አንደኛ ወጣ፣ ኢንተርቪውንም አለፈ። ዋስ አምጣ ሲባል አጎቱ በግሉ የሚሠራ ነው፣ ከመሥሪያ ቤት የሚጻፍ ደብዳቤ የለውም። ሁለት ሳምንት ሲዞር ቆይቶ ቦታው ለሌላ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ እቅዴ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ በመጀመሪያው ስልክ ዋስ እንዳለው እጠይቃለሁ፣ ከሌለው ደንበኛው ሌላ መፍትሔ ይቀበል እንደሆን ከኢንተርቪው በፊት አጣራለሁ። ይሄን በማንኛውም የታርጌት ሰንጠረዥ ላይ አታገኙትም።

የአውትሶርስ ሱፐርቫይዘሮች እቅድ ይለያል። እነሱ ጋ ኤጀንሲው ራሱ አሠሪ ስለሆነ ደመወዝም የሚከፍለው፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ ቆርጦ የራሱን 11 በመቶ ጨምሮ ጡረታ የሚያስገባውም እሱ ነው። ደንበኛው ክፍያ ሲያዘገይ ደመወዝም ይዘገያል፣ የጥበቃው ልጅ ግን የቤት ኪራዩን የሚከፍልበት ቀን አይዘገይለትም። አንድ የሠራሁበት ቤት "ዘንድሮ 3 አዲስ ደንበኛ" ብሎ አቅዶ ደንበኞቹን አገኘ፣ ሠራተኞቹን ግን ሁለት ወር ደመወዝ አዘገየባቸው፣ እኛም በየሳምንቱ የምንሰጠው መልስ አጣን። ያን ዓመት እቅዱ ተሳክቷል ተብሎ ተጨበጨበ። አሁንም ያናድደኛል። ደመወዝ በቀኑ መክፈል የእቅዱ የመጀመሪያ መስመር መሆን ነበረበት።

ኮሚሽንም እንዲሁ ነው። በገባ ሰው ቁጥር ብቻ የሚከፈል ከሆነ መልማዩ ሰው መላክ ብቻ ይይዛል፣ መምረጥ ያቆማል። የሙከራ ጊዜውን ባለፈ ሰው ሲከፈል ነገሩ ይለወጣል። ያየሁት ነው።

ውጭ አገር የሚልኩት ኤጀንሲዎች በአዋጅ ቁጥር 923/2008ና በማሻሻያው 1246/2013 ስለሚመሩ እቅዳቸው በመንግሥታት መካከል በሚደረግ ስምምነት ላይ የተንጠለጠለ ነው። እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፣ እዚህ አልገባበትም።

ዓመቱን የምዘጋው ጳጉሜን ላይ በመደወል ነበር። በዓመቱ ካስቀጠርኳቸው ውስጥ ዝርዝሩን ከላይ ጀምሬ። የመጨረሻ ዓመቴ ላይ መስከረም ውስጥ ለአንድ ሱፐርማርኬት ካሸር ሆና የገባች ልጅ ጋ ደወልኩ። "ማን ልበል?" አለች፣ ስሜን ነገርኳት። ከኋላዋ የባርኮድ ማንበቢያው ድምፅ ይሰማል። "ውይ፣ አሁን ወረፋ ላይ ነኝ፣ እዚሁ ነኝ ገና፣ ማታ ልደውልልህ" አለችኝ። ማታ ደወለች። እህቷ ዘንድሮ ተመርቃለች፣ ሲቪዋን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ አለች።