ትንሿ የዌክሰርፍ ቦርድ፦ የሚወራውና እውነታው

በገመድ ተጎትተህ ከውሃው ትነሳለህ፣ ሚዛንህን ስትይዝ ገመዱን ወደ ጀልባው መልሰህ ትወረውራለህ፣ ከዚያ በኋላ የሚገፋህ ከጀልባው ኋላ የሚነሳው ማዕበል ብቻ ነው። ዌክሰርፊንግ ማለት ይኸው ነው። እግር ከቦርዱ ጋር አይታሰርም።

ቦርዶቹ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ወፈር ያለ፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ፊን ያለው ነው (ፊን ስል ከቦርዱ ሆድ ስር የምትሰካዋን ትንሽ ክንፍ ማለቴ ነው)። የባሕር ሰርፍ ቦርድ ታናሽ ወንድም ይመስላል፤ ስሙም ሰርፍ ስታይል ነው። ሁለተኛዋ ስስ፣ አጭር፣ ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ ፊን ብቻ ያላት ስኪም ስታይል ናት። እንደ እንዝርት የሚሽከረከሩት፣ ቦርዱን ከእግራቸው ስር የሚያሾሩት፣ ትሪክ የሚሠሩት ሰዎች የሚወጡት እሷ ላይ ነው። በውድድርም ቢሆን ሁለቱ ለየብቻ ነው የሚወዳደሩት።

ዛሬ የማወራው ስለ ትንሿ ነው። ስለሷ ከሚወራው ግማሹ ልክ አይደለም፤ እኔም አምኜው ገንዘቤን በትኛለሁ።

"ትንሽ ቦርድ የትንሽ ሰው ነው"

ይሄ ከሁሉም በላይ የተለመደው ነው። ሰው ርዝመቷን ያይና "ይቺ የልጅ ናት" ብሎ ያልፋታል። ስኪም ቦርዶች አብዛኞቹ ከ120 እስከ 148 ሴንቲ ሜትር ባለው መሃል ይወድቃሉ፣ 90 ኪሎ የሚመዝን ሰውም ከረዘም ያለችው ላይ ቆሞ በደንብ ይጫወታል። አምራቾቹ የክብደት ሠንጠረዥ ያወጣሉ፤ እሱን ማየት ግዴታ ነው፣ ግን ሠንጠረዡ የእናንተን ጀልባ አያውቅም! ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ትንሽ ቦርድ ውስጧ ያለው ፎም (ቦርዱን የሚሞላው ቀላል፣ አረፋ መሰል ነገር) ጥቂት ስለሆነ ውሃ ላይ የሚያቆማት መንሳፈፏ አይደለም። ፍጥነቷና የማዕበሉ ግፊት ነው። ጀልባው ከባድ ከሆነ፣ ባላስት የሚባሉት የውሃ ከረጢቶች ወይም ታንኮች ጢም ብለው ከተሞሉ፣ ማዕበሉ ይረዝማል፣ ይገፋል፣ ያቺው ቦርድ ትሸከማችኋለች። ቀላል ጀልባ ኋላ ግን ያው ሰው፣ ያው ቦርድ፣ ገመዱን በለቀቀ በሦስተኛው ሰከንድ ወደኋላ ቀርቶ ቀስ እያለ ሲሰምጥ ታያላችሁ። እኔ ብሆን ማዕበሉ ደካማ ከሆነ በሠንጠረዡ ላይ ክብደቴ ከላይኛው ጣሪያ ጋር የሚገናኝበትን ቦርድ አልገዛም፤ አንድ መጠን ከፍ እላለሁ። ማዕበሉ ጠንካራ ከሆነ ደግሞ ዝቅ ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቦርድ ከመምረጣችሁ በፊት የምትጋልቡት ከየትኛው ጀልባ ኋላ እንደሆነ ቁርጡን እወቁ።

"ትሪክ የሚያሠራው ቦርዱ ነው፣ ትንሿን ከገዛሁ እሽከረከራለሁ"

አትሽከረከርም። ወይም ቢያንስ በሷ ምክንያት አይደለም።

ሙሉ ዙር፣ ማለትም 360 የሚሉት፣ እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብለን እንየው። መጀመሪያ ከማዕበሉ ላይ ጥሩ ፍጥነት ትይዛላችሁ። ከዚያ ጭንቅላትና ትከሻ ወደምትዞሩበት አቅጣጫ ይቀድማሉ። በዚያው ቅጽበት ክብደታችሁ ወደ ፊተኛው እግር ይሄዳል። ይሄኔ ጭራው ቀለል ይልና ፊኗ ውሃውን ትለቃለች፤ ቦርዷ በሆዷ መንሸራተት ትጀምራለች። ግማሽ ላይ ስትደርሱ ጀርባችሁን ለጉዞው ሰጥታችኋል፣ ብዙ ሰው የሚደነግጠውና ክብደቱን ወደተሳሳተው እግር የሚጥለው እዚህ ጋ ነው፤ ካልደነገጣችሁ ቀሪው ግማሽ ራሱ ይመጣል። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ውስጥ የትንሿ ቦርድ ድርሻ አንድ ነው፦ ፊኗ ትንሽ ስለሆነች ውሃውን ቶሎ ትለቃለች። ሌላው ሁሉ የእናንተ ሥራ ነው። ያለ ገመድ አንድ ደቂቃ ሳትወድቁ መሄድ፣ ወደ ጀልባው መቅረብና መራቅ ገና ካስቸገራችሁ፣ ስኪም ቦርድ ገና ነው። ወፍራሙ ላይ ቆዩ፣ ነውር የለውም።

"ፊን ባነሰ ቁጥር ይሻላል፣ ጨርሶ ባይኖርማ…"

የዚህ ሰለባ እኔ ነኝ። ቦርዷን የገዛሁ ቀን "ፊኗ ናት የምትይዝህ" ሲሉኝ ዊንዶቹን ፈትቼ ነቀልኳት። ከሰዓቱን ሙሉ ምን ስሠራ ዋልኩ? በጀርባዬ ውሃ ስመታ። ቦርዷ ሳሙና ሆነች። ጭራዋ ከማዕበሉ ቁልቁል እየተንሸራተተ ሄዶ ከስሬ ይወጣል፣ እኔ አየር ላይ እቀራለሁ። ጀልባው ላይ ያሉት ጓደኞቼ ቪዲዮውን እስከ ዛሬ አላጠፉትም።

ፊን ሥራ አላት። ቦርዷን ወደፊት ቀጥ አድርጋ ትመራለች፣ በማዕበሉ ግድግዳ ላይም ታቆያለች። ትልቅ ስትሆን ታስተማምናለች ግን ለመዞር ስትሞክሩ ትይዛችኋለች፤ በጎን መንሸራተት ስትጀምሩ ነክሳ ታስፈነጥራችኋለች። ትንሽ ስትሆን ነፃ ናችሁ ግን እግራችሁ ሥራ ይበዛበታል። ብልሃቱ ደረጃ በደረጃ መውረድ ነው። ብዙዎቹ ቦርዶች ላይ ፊኗ ስለምትፈታ በትልቋ ጀምሩ፣ ዙሩ ሲለመዳችሁ ትንሿን ስኩ። ቦርድ ከመቀየር በጣም ይረክሳል፣ ለውጡም ወዲያው ይታወቃችኋል። ስትገዙ እንግዲህ ፊኗ ምን ዓይነት ሳጥን (መሰኪያ) ውስጥ እንደምትገባና መለዋወጫዋ በቀላሉ እንደሚገኝ ጠይቁ። ይሄንን የሚጠይቅ ገዢ እምብዛም አላየሁም።

"ስስ ስለሆነች ፈጣን ናት"

ስስነቷ ፍጥነት አይሰጥም። ስስነት ጠርዟ ውሃ ውስጥ ቶሎ እንዲገባና ምላሿ ፈጣን እንዲሆን ያደርጋል፤ በዚያው ልክ ስህተት አትምርም። ፍጥነትን በብዛት የሚወስነው ሮከር የሚባለው ነገር ነው፦ ቦርዷ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ምን ያህል ቀስት ሠርታለች የሚለው። እሱን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ፊኗን ፈትታችሁ ቦርዷን ለጥ ያለ ወለል ላይ በሆዷ አስተኟትና ቁጢጥ ብላችሁ ከጎን እዩዋት። አፍንጫዋ ከወለሉ ብዙ ካልተነሳ ፈጣን ናት፤ ከማዕበሉ ኋላ ብትቀሩ እንኳ መልሳ ታደርሳችኋለች፣ ግን አፍንጫዋ ውሃ ውስጥ የመሰካት አመል ይኖራታል። ሁለቱም ጫፎቿ ከፍ ብለው ከተነሱ ዝግ ትላለች፣ ለመዞርና ዘልሎ ለማረፍ ግን ትመቻለች። ደካማ ማዕበል ካላችሁ ለጥ ያለችውን ምረጡ፤ ለእኔ ጥያቄ የለውም።

"የባሕር ዳርቻ ስኪምቦርዴን ልጠቀም፣ ያው አይደል?"

መልኩ ዘመድ ነው፣ ቅርጹም ከዚያው የመጣ ነው። ግን የባሕር ዳርቻዋ ፊን የላትም፤ የተሠራችው እየሮጡ ስስ ውሃ ላይ ለመንሸራተት ነው። ከጀልባ ኋላ በሷ የሚሄዱ ጎበዞች አሉ። እነሱ ጎበዞች ናቸው፣ ከላይ ያነበባችሁት የእኔ ታሪክ ደግሞ የቀረው ሰው ታሪክ ነው።

"ካርቦን ከሆነ አለቀ፣ ምርጡ እሱ ነው"

ካርቦን ፋይበር ቀላልና ድርቅ ያለ ነው። እግራችሁ ያዘዘው ወዲያው ይደርሳል፣ ለመዝለልም ይመቻል። ዋጋው ግን ኪስ ያራግፋል፣ ድንገተኛ ምት ላይ ደግሞ የመሰንጠቅ ነገር አለ። ጀማሪ ትሪክ የሚለማመድ ሰው ቦርዱን ከጀልባው የኋላ መቆሚያ ጋር ስንት ጊዜ እንደሚያጋጭ ላየ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። በሞልድ (በቅርጽ ማውጫ) ተጨምቀው የሚሠሩት ከበድ ይላሉ፣ ምላሻቸውም ዘገም ይላል፣ ግን ዱላ ይችላሉ። የመጀመሪያዋ ትሪክ ቦርዳችሁ ከሆነች እኔ እነዚህን እመርጣለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ውስጧ ኢፒኤስ የሚባለው ነጭ ፎም ከሆነ፣ ስትሰነጠቅ ኢፖክሲ በሚባለው፣ ሲደርቅ በሚጠጥረው ሙጫ ብቻ ነው የምትጠገነው። ፖሊስተር ሬዚን የሚባለውን ሌላውን ሙጫ ካፈሰሳችሁበት ፎሙን ይበላዋል፤ ትንሿ ስንጥቅ ጉድጓድ ትሆናለች። በፀሐይ የጋለ መኪና ውስጥም አትተዉአት። የቆዳዋ አረፋ መሥራት የሚጀምረው እንደዚያ ነው።

"አልሄድ ካለች ጀልባው ይፍጠን"

ደመ ነፍሳችን የሚለን ይሄንን ነው፣ "ንዳው!" እያሉ መጮህም ይቀናል። የዌክሰርፍ ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ከ16 እስከ 19 ኪሎ ሜትር ነው። ጀልባው ሲፈጥን ማዕበሉ ይረዝማል ግን ዝቅ እያለ፣ እየተለጠጠ ይሄዳል። ሲቀንስ ደግሞ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ትንሿ ቦርድ የምትፈልገው በመሃል ያለውን ነው፤ እሱም በግማሽ ኪሎ ሜትር መጨመርና መቀነስ የሚገኝ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ግን ክብደታችሁን እዩ። ወደኋላ የሚቀር ሰው ብዙ ጊዜ የኋላ እግሩ ላይ ተቀምጦ ነው። የፊቱን እግር ጫን ሲል ሁሉም ይስተካከላል፣ ሾፌሩም ይገላገላል።

"ከማንኛውም ጀልባ ኋላ ይሆናል"

አይሆንም፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ፕሮፔለሩ (ጀልባውን የሚገፋው ተሽከርካሪ ምላጭ) ከኋላ ወጣ ብሎ የሚሽከረከር ጀልባ፣ ውጪ የተንጠለጠለ ሞተር ያለውም ሆነ የተለመደው ስተርንድራይቭ (ሞተሩ ውስጥ፣ ፕሮፔለሩ ግን ከኋላ ውጪ የሆነው)፣ ለዚህ አይሆንም። ዌክሰርፈር ከጀልባው ኋላ ጥቂት ሜትር ላይ ነው ያለው፣ ትሪክ የሚሞክር ደግሞ በየደቂቃው ይወድቃል፣ አንዳንዴም ወደፊት። ፕሮፔለሩ ከጀልባው ሆድ ስር የተደበቀ ወይም ወደፊት የዞረ መሆን አለበት። ላይፍ ጃኬትም ይለበሳል፣ ዋናተኛ ነኝ ማለት አያዋጣም። ሞተሩ እየሠራ የኋላ መቆሚያው ላይ ተንጠልጥሎ ተራ መጠበቅም ይቅር፤ የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው ሳይታወቅ ራስ ያስታል።

"ያገለገለች ከሆነች ተሸውደሃል"

በተቃራኒው፤ የመጀመሪያዋን ያገለገለች መግዛት ብልህነት ነው፣ ምክንያቱም ምን ዓይነት እንደምትወዱ የምታውቁት ከተጫወታችሁባት በኋላ ነው። ፍተሻው ደግሞ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ላይዋ ላይ የተለጠፈው ስፖንጅ ዳር ዳሩ ተነሥቶ እንደሆነ በጥፍራችሁ ሞክሩ። ሆዷን በአውራ ጣታችሁ ተጫኑ፣ በተለይ ፊኗ የምትገባበት ሳጥን ዙሪያ። ጠንካራ መሆን አለበት፤ ስርጉድ የሚል ቦታ ካለ ቆዳው ከፎሙ ተላቋል። ከዚያ በሁለት እጃችሁ አንሷት። ከመጠኗ በላይ ከከበደቻችሁና ስንጥቅ ካለባት ውሃ ጠጥታለች፣ በምንም ዋጋ አትውሰዷት።