ቆሞ የቀረ መኪና ጭስ የለውም

ድሬዳዋ ውስጥ የመኪና ዓመታዊ ምርመራ እሠራለሁ። ከጊዜ ወዲህ ለቦሎ ከሚመጡት ባለመኪናዎች መካከል «አሮጌ መኪና ለጭሱ ሲባል በዶላር ይገዛል አሉ፤ እውነት ነው?» ብሎ የማይጠይቀኝ ጥቂት ነው። ወሬው መነሻ አለው። በሎስ አንጀለስና አካባቢዋ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣ ደንብ መሠረት አሮጌ መኪና ገዝቶ የሚያስፈጭ ድርጅት፣ የቀረው ብክለት ተሰልቶ የሚሸጥ ክሬዲት ይሰጠው ጀመር። ገዢው የራሱን ጭስ መቀነስ ውድ የሆነበት ፋብሪካ ነው፤ ክሬዲቱን በገዛበት ልክ የራሱን ጭስ ሳይቀንስ ይቀራል። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ዩኖካል የተባለው የነዳጅ ኩባንያ በዚያው አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1971 በፊት የተሠሩ መኪናዎችን እያንዳንዳቸውን በ700 ዶላር ገዝቶ ከ8,000 በላይ አስፈጭቷል። ወሬው የደንገጎን ተራራ አልፎ ድሬዳዋ እስኪደርስ ግን ሌላ መልክ ይዟል።

«መኪናው ባረጀ ቁጥር ብዙ ዶላር ያወጣል፤ ቆሞ ቢቀርም ግድ የለም።» ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ ይህ ነው። ባለፈው ጥቅምት አንድ የሐረር አዛውንት ፔጆ 404 በአይሱዙ አስጭነው መጡ። ጎማዎቿ ተሰነጣጥቀዋል፤ የኋላ ወንበሯ ላይ ገለባ አለ፤ ገለባው ላይ ሁለት እንቁላል።

«ጋሼ፣ በራሷ የሄደችው መቼ ነው?» አልኳቸው።

«ልጄን የዳርኩ ጊዜ።»

«ልጅዎ የተዳሩት መቼ ነው?»

«የልጅ ልጄ ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ገብታለች።»

ክሬዲት የሚሰጠው ለብረቱም ለዕድሜውም አይደለም። የሚሰጠው ነገ ሊወጣ የነበረ ጭስ ስለቀረ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አሮጌው መኪና በዓመት ከሚያወጣው ብክለት ላይ በምትኩ የሚነዳው መኪና የሚያወጣው ይቀነሳል፤ ልዩነቱ አሮጌው ገና ይሠራባቸው ነበር ተብሎ በሚገመቱት ዓመታት ይባዛል። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚወሰደው ግምት 3 ዓመት ነው። የአዛውንቱ ፔጆ በዓመት ስንት ታጨሳለች? ዜሮ። ዜሮ በሦስት ቢባዛም ዜሮ ነው። እዚያ መኪናው በአካባቢው ተመዝግቦ የቆየና በራሱ ሞተር እየተነዳ ወደ ግቢው የሚገባ እንዲሆን የሚጠየቀውም ለዚህ ነው። ይህ ባይሆን ሰው ሁሉ ከየጓሮው የሞተ መኪና እየጎተተ ያመጣ ነበር፤ ፋብሪካውም በሌለ ቅነሳ እውነተኛ ጭስ ይለቅ ነበር።

አዛውንቱ የአይሱዙ ኪራይ ከፍለዋል፤ ለደላላውም የድለላ ሰጥተዋል። ይህን ሁሉ ካስረዳኋቸው በኋላ ለቁራሌ በኪሎ ይሽጧት ብላቸው «አንተ ከደላላውም ትብሳለህ» ብለውኝ ወጡ።

«ሞተሩን አውጥቼ ሸጬ ቀሪውን አስፈጫለሁ።» አይሆንም። ዋናው መጥፋት ያለበት ሞተሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ መንግሥት አሮጌ መኪና ለሚያስረክብ ሰው ለአዲስ መግዣ ድጎማ ሲሰጥ (ያ የክሬዲት ገበያ አልነበረም፤ ሰው ሁለቱን ያምታታል) ዘይቱ ተቀድቶ በምትኩ የሶዲየም ሲሊኬት ውህድ ይጨመርና ሞተሩ ተጣብቆ እስኪቆም ድረስ ይነሳ ነበር። የእኛዋ ፔጆ ግን ታረደች። ቴስታታዋ (የሞተሯ የላይኛው ክፍል) ዛሬ ሐረር ውስጥ ሌላ 404 ላይ ተገጥሞ ይሠራል። የሞተችው፣ በሕይወት ያለችውን አጫሽ ዕድሜ ቀጠለች ማለት ነው።

«የካርቦን ንግድ ነው።» አይደለም። እዚህ የሚቆጠሩት በዋናነት ያልተቃጠለ ነዳጅ ትነትና የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ናቸው፤ ፀሐይ ሲያገኛቸው መሬት አካባቢ ኦዞን ይፈጥራሉ፤ ሳንባ የሚጎዳውም እሱ ነው።

«እኛም አገር ተጀምሯል።» አልተጀመረም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ማስገባት አስወደደ፤ በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎችን ማስገባት ተከለከለ። ሁለቱም በእጅዎ ላለው አሮጌ መኪና አንድ ብር አይከፍሉም። ክሬዲት እንዲሸጥ መጀመሪያ ፋብሪካው ከዚህ በላይ እንዳያጨስ የሚገድበው የሚለካ ጣሪያ ያስፈልጋል። ጣሪያ ከሌለ ማን ይገዛል?

«ንግዱ ማንንም አይጎዳም» የሚሉኝ ደግሞ የተማሩት ናቸው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የነዳጅ ኩባንያዎች መርከብ ሲጭኑ የሚወጣውን ትነት መያዣ መሣሪያ ከመትከል ይልቅ የተፈጩ መኪናዎች ክሬዲት ተጠቅመዋል። በከተማው ሁሉ ተበትኖ የነበረ ብክለት ተቀነሰ፤ የመርከቦቹ ትነት ግን በወደቡ ጎረቤቶች በር ላይ ቀረ፤ ትነቱ ውስጥ ነዳጁ ቤንዚን ብቻ ሳይሆን ካንሰር አምጪው ኬሚካል ቤንዚንም (benzene) አለበት፤ የሁለቱ ስም በእኛ አነጋገር አንድ ሆኖብኝ ነውና ይቅርታ። ድምሩ ትክክል ነው፤ በሩ ላይ ላለው ሰው ግን ድምሩ ምን ይጠቅመዋል?

ዶላሩን ከመጠበቅ ጭሱን ማየት ይሻላል። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፤ የአየር ማጣሪያውን አውጥታችሁ አራግፉ፤ በድሬዳዋ አቧራ ቶሎ ይደፈናል። ካርቡሬተሩን የሚያውቅ ሰው ያስተካክለው፤ ካንዴላውንም እዩ። ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነውና የፒስተኑ ፋሻ ይታይ፤ ዘይት እየጨመሩ መንዳት መፍትሔ አይደለም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ካላቋረጠ ውኃ እየገባ ነው። ይህን ሁሉ ደግሞ ቦሎ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ሳይሆን አሁን አድርጉት፤ በመጨረሻዋ ሰዓት ተሰልፋችሁ «ዛሬ ብቻ እለፈን» አትበሉኝ።