የሎተሪ ቲኬት በሱቅ፦ ሽያጩ እንዴት ይቆጠራል፣ ሂሳቡስ እንዴት ይታረቃል?

ሎተሪ በሚሸጥ ሱቅ ውስጥ በቀላሉ የሚጠፋው ዕቃ መደርደሪያ ላይ ያለው ሸቀጥ አይደለም። ባንኮኒው ላይ በመስታወት ሳጥን የተደረደረው የሚፋቅ ቲኬት ነው። ወረቀት ነው፤ ኪስ ይገባል፣ ተፍቆ ካሸነፈ ደግሞ እዚያው ጥሬ ገንዘብ ይሆናል። ከጠፋ የሚከፍለው ሱቁ ነው። ስለዚህ ሎተሪ የሚሸጥ ሱቅ ወደደም ጠላም ሁለት ሥራ አለው፦ መሸጥ፣ ከዚያም ምን ያህል እንደሸጠ ማወቅ። የሚከብደው ሁለተኛው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ሱቁ የቲኬቱ ባለቤት ካለመሆኑ ነው። በአብዛኛው አሠራር ሱቁ ወኪል ነው። የሎተሪው ድርጅት ቲኬቱን በአደራ ይሰጠዋል፣ ሱቁ ይሸጣል፣ ገንዘቡን ይሰበስባል፣ አነስተኛ ሽልማቶችን በድርጅቱ ስም ይከፍላል፣ በመጨረሻም ኮሚሽኑን አስቀርቶ የቀረውን ያስረክባል። ኮሚሽኑ በብዙ አገር ከሽያጩ 5 ወይም 6 በመቶ አካባቢ ነው። ካዝና ውስጥ ከገባው 100 ውስጥ የሱቁ 5 ብቻ ነው ማለት ነው፤ 95ቱ የሰው ገንዘብ ነው። በሂሳብ መዝገብም የሱቁ ገቢ ተብሎ የሚጻፈው ኮሚሽኑ ነው። ቀሪው ዕዳ ነው።

እስቲ ይህን በአንድ ቲኬት እንየው። አንድ ቲኬት ጠፋ እንበል። ድርጅቱ እንደተሸጠ ይቆጥረዋል፣ ኮሚሽኑንም ያስባል፣ ስለዚህ ሱቁ የሚከስረው የዋጋውን 95 በመቶ ነው። ያንን ለማካካስ ያው ዋጋ ያላቸው 19 ቲኬቶች መሸጥ አለባቸው፤ እነሱን ሸጦም ገና ዜሮ ላይ ነው። “አንድ ቲኬት ምን አላት” የሚል ካሸር ይህንን ሂሳብ አልሠራውም።

ሁለት ዓይነት ቲኬት

በማሽን የሚታተመውና የሚፋቀው ለየብቻ መታየት አለባቸው። በማሽን የሚታተመው፣ ማለትም ዕጣው በኋላ የሚወጣው፣ ከመታተሙ በፊት የለም። ደንበኛው ቁጥር ይመርጣል ወይም ማሽኑ ይመርጥለታል፣ ወረቀቱ እዚያው ይወጣል፣ ሽያጩም በዚያው ቅጽበት ድርጅቱ ጋ ይመዘገባል። የሚቆጠር ክምችት የለውም። ሪፖርት ማውጣት በቂ ነው፦ ይህን ያህል ተሸጠ፣ ይህን ያህል ተሰረዘ፣ ይህን ያህል ሽልማት ተከፈለ። ራስ ምታቱ በስህተት የታተመ ቲኬት ነው። ደንበኛው ሁለት ሲል ካሸሩ አሥር ከሰማ፣ ወረቀቱ ወጥቷል፣ ደንበኛው ደግሞ አልፈልግም ብሎ ሄዷል። ለመሰረዝ የሚሰጠው ጊዜ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ ጭራሽ የማይሰረዝ ጨዋታም አለ። ያልተሰረዘ ቲኬት የተሸጠ ቲኬት ነው። ገዢ ካልተገኘ ሱቁ ገዝቶታል።

የሚፋቀው ግን ሌላ ዓለም ነው። ዛሬ የምናውቀው በኮምፒውተር ተዘጋጅቶ የሚታተመው የሚፋቅ ቲኬት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸጠው በ1974 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ነው። ከዚያ በፊት ቲኬት የሚባለው ዕጣው የሚወጣበትን ቀን የሚጠብቅ ወረቀት ነበር። ቢሰረቅ እንኳ ሌባው እንደማንኛውም ገዢ ዕጣው እስኪወጣ ይጠብቃል። የሚፋቀው ግን ሽልማቱን ይዞ ነው የሚታተመው። ጥፍር ያለው ሰው ውጤቱን በሰከንድ ያውቃል። በእያንዳንዱ ሺፍት የመቁጠር ጣጣ የመጣው ከዚህ ነው።

ቁጥሩን ማንበብ

እያንዳንዱ የሚፋቅ ቲኬት ላይ ሦስት ቁጥሮች አሉ፦ የጨዋታው፣ የጥቅሉ፣ እና የራሱ የቲኬቱ ተራ ቁጥር። ለቆጠራ ዋናው የመጨረሻው ነው። ቲኬቶቹ ተያይዘው ይመጣሉ፣ በተራ ይቀደዳሉ። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ ቀጥሎ ሊሸጥ የተዘጋጀውን ቲኬት ቁጥር ካወቃችሁ፣ ከእሱ በፊት ያሉት በሙሉ ሄደዋል። ሺፍቱ ሲጀመር 027 ከነበረ፣ ሲዘጋ 041 ከሆነ፣ 14 ተሽጧል። የአንዱ ዋጋ 5 ከሆነ 70 ካዝና ውስጥ መኖር አለበት። ያለቀለት ነገር ይመስላል።

ሆኖም የብዙ ጥቅሎች ቁጥር የሚጀምረው ከ001 ሳይሆን ከ000 ነው። 150 ቲኬት ያለው ጥቅል የመጨረሻ ቁጥሩ 149 ነው። በሺፍቱ መሃል ጥቅል አልቆ ሌላ ሲከፈት ስህተቱ የሚፈጠረው እዚህ ነው። ጠዋት 143 ላይ ነበር እንበል፤ ጥቅሉ አለቀ፣ አዲስ ገባ፣ ማታ አዲሱ 006 ላይ ነው። ከአሮጌው የተሸጠው 150 ሲቀነስ 143፣ ማለትም 7 ነው። ከአዲሱ 6። ድምሩ 13። አንዳንዱ ግን 149 ላይ 143 ቀንሶ 6 ይላል፣ አንዷ ቲኬት ትሰወራለች፣ ካዝናውም “በለጠ” ይላል። ሰው ደግሞ ሲበልጥ ብዙም አይጨነቅም። መጨነቅ ነበረበት፤ ዛሬ የበለጠው ነገ የሌላ ጉድለት መሸፈኛ ይሆናል።

ሳጥኑ በቁጥር የተከፋፈለ ቢሆን ጥሩ ነው። መቆጠሪያው ወረቀትም በዚያው ቅደም ተከተል ይሞላል፦ ክፍል 1፣ ክፍል 2፣ እያለ። ባዶ ክፍል ቢኖር እንኳ “ባዶ” ተብሎ ይጻፋል እንጂ አይዘለልም። ካሸሩ በገዛ ፈቃዱ ጨዋታ ከክፍል ወደ ክፍል ካዘዋወረ ደግሞ የዚያ ቀን ወረቀት ገደል ገባ ማለት ነው። በእጅ ከመጻፍ ይልቅ የቲኬቱን ባርኮድ ስካን አድርገው ልዩነቱን ራሳቸው የሚያሰሉ ፕሮግራሞች አሉ። የቁጥር መገላበጥን ያስቀራሉ። ካሸሩ ያላየውን ክፍል ግን እነሱም አያዩለትም።

ጥቅል ከመምጣቱ እስከ መዘጋቱ

ጥቅል ሱቅ ሲደርስ ወዲያው አይሸጥም። መጀመሪያ መረከቡ በማሽኑ ይረጋገጣል፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የጥቅል ቁጥርና እጅ ላይ ያለው አንድ መሆኑን ሳያዩ መፈረም የዋህነት ነው። ከዚያ ለሽያጭ ሲወጣ አክቲቬት ይደረጋል፣ ማለትም ለሽያጭ መከፈቱ በማሽኑ ይመዘገባል። ይህች እርምጃ ዋና ናት። አክቲቬት ካልተደረገ ጥቅል የወጣ ቲኬት ቢያሸንፍም ማሽኑ አይከፍልም። ስለዚህ መጋዘን ወይም ካዝና ውስጥ ያለ፣ አክቲቬት ያልሆነ ጥቅል ቢሰረቅ ለሌባው ተራ ወረቀት ነው፤ ሱቁም በጊዜ ካሳወቀ ድርጅቱ ቁጥሩን ያግደዋል። “ለነገ ይቅለለን” ብሎ አሥር ጥቅል በአንድ ጊዜ አክቲቬት የሚያደርግ ሥራ አስኪያጅ ይህንን ጥበቃ በገዛ እጁ ነው የሚያነሳው።

የመጨረሻው እርምጃ ጥቅሉ ሂሳብ ውስጥ መግባቱ ነው። ድርጅቱ በዚህ ጊዜ የጥቅሉን ሙሉ ዋጋ ሱቁን ይጠይቃል። መቼ? እንደየድርጅቱ ነው። አንዳንዱ አክቲቬት ከሆነ የተወሰነ ቀን ሲያልፍ፣ አንዳንዱ ከጥቅሉ ሽልማቶች የተወሰነው መቶኛ ሲከፈል፣ ሌላው ደግሞ ከዚያው ጨዋታ ቀጣይ ጥቅል ሲከፈት ያስከፍላል። ቲኬቶቹ ሁሉ ተሽጠው ላይሆን ይችላል። ቀስ ብሎ የሚሄድ ጨዋታ ይዞ ብዙ ጥቅል የከፈተ ሱቅ ያልሸጠውን ሊከፍል ነው።

ሺፍት ሲዘጋ

ስሌቱ ረጅም አይደለም። መነሻ ገንዘብ፣ ሲደመር የማሽን ሽያጭ፣ ሲደመር የሚፋቅ ሽያጭ፣ ሲቀነስ የተከፈለ ሽልማት። መነሻው 200፣ የማሽኑ ሽያጭ የተሰረዘው ወጥቶ 340፣ የሚፋቀው 610፣ የተከፈለው ሽልማት 275 ከሆነ፣ መኖር ያለበት 875 ነው። የሎተሪው ገንዘብ ከሸቀጡ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ከገባ የሸቀጡም ሽያጭ ይደመራል፣ በካርድ የተከፈለው ይቀነሳል፣ ነገሩም ይወሳሰባል። የሚችል ሱቅ ለሎተሪ የተለየ መሳቢያ ቢይዝ ይሻለዋል።

ቆጠራው ርክክብ ነው። ሺፍቱን የሚያስረክበውና የሚረከበው ካሸር አብረው ቆመው፣ አንዱ እያነበበ ሌላው እየጻፈ፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። ይህ በተጨናነቀ ሰዓት ያበሳጫል፣ ደንበኛ ተሰልፎ “ኧረ ቶሎ በሉ” ይላል። ሆኖም በሺፍቱ መጨረሻ የተገኘ ጉድለት ባለቤት አለው። በሳምንቱ መጨረሻ የተገኘ ጉድለት ግን የማንም አይደለም፤ አሥር ሰው እጁን አስገብቶበታል፣ ሁሉም “እኔ አልነበርኩም” ይላል።

ነፃ ቲኬት የሚያሸልሙ ጨዋታዎችም አሉ። ደንበኛው ያሸነፈውን ሰጥቶ አዲስ ቲኬት ይወስዳል፣ ገንዘብ አይንቀሳቀስም፣ የቲኬቱ ቁጥር ግን ይንቀሳቀሳል። ያኔ በአንድ በኩል ሽያጭ፣ በሌላ በኩል የተከፈለ ሽልማት ተብሎ በእኩል ዋጋ መመዝገብ አለበት። አንዱ ከተረሳ ካዝናው በዚያች ቲኬት ዋጋ ልክ ይሳሳታል።

የሰዓት ጉዳይም አለ። የማሽኑ ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ሊዘጋ ይችላል፣ የሱቁ ሺፍት ደግሞ ማታ 4 ሰዓት። የማሽኑን የቀን ሪፖርት ከሺፍቱ ገንዘብ ጋር የሚያስተያይ ሰው የሁለት ሰዓት ሽያጭ ሁልጊዜ ይበልጥበታል ወይም ይጎድልበታል። መፍትሔው የሺፍት ሪፖርቱን ርክክቡ በሚደረግበት ደቂቃ ማውጣት ነው።

ሲጎድል የት ይፈለጋል?

ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። ጉድለቱ ከአንድ ቲኬት ዋጋ ጋር እኩል ከሆነ አንድ ቲኬት ሳይከፈልበት ወጥቷል፤ በዚያው ልክ ከበለጠ ደግሞ ከ000 መጀመሩ ተረስቷል። ልዩነቱ ከአንድ ሙሉ ጥቅል ዋጋ ጋር ከተቀራረበ፣ በሺፍቱ መሃል የተከፈተ ጥቅል ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። የቲኬቶቹ ልዩነት ለ9 የሚካፈል ከሆነ የቁጥር መገላበጥ ይጠረጠራል፤ 27 ተብሎ መጻፍ የነበረበት 72 ቢጻፍ ልዩነቱ 45 ነው፣ 9 ጊዜ 5። ይህች የድሮ የሂሳብ ሠራተኞች ዘዴ ዛሬም ትሠራለች። ሎተሪው በ20 ጎድሎ ሸቀጡ በ20 ከበለጠ ደግሞ ማንም አልሰረቀም፤ ካሸሩ የተሳሳተ ቁልፍ ተጭኗል።

ስርቆቱም የራሱ ጠባይ አለው። በጣም የተለመደው ካሸሩ ራሱ እየፋቀ፣ ባሸነፈው እየከፈለ፣ “ማታ እተካዋለሁ” ማለቱ ነው። ሌላው ከጥቅሉ ፊት ሳይሆን ከኋላ መቅደድ ነው። ፊት ያለው ቁጥር አይነካም፣ ቆጠራው ልክ ይመጣል፣ ጉዱ የሚታወቀው ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል ነው። ስለዚህ ቆጠራው ልክ መጣ ማለት ሁሉም ሰላም ነው ማለት አይደለም። አልፎ አልፎ ጥቅሉን አውጥቶ እስከ መጨረሻው ማየት ያስፈልጋል። ቲኬቱን በመርፌ ያህል ጭሮ አሸናፊውን ለይቶ ተሸናፊውን ለደንበኛ የሚሸጥም አይጠፋም፤ ይህንን ቁጥር አይይዘውም፣ የሚይዘው ዓይን ነው።

ደንበኛ ላይ የሚፈጸመውም አለ፦ አሸናፊ ቲኬት አምጥቶ “አላሸነፈም” ተብሎ መመለስ። በካናዳ ኦንታሪዮ ይህ ጉዳይ ትልቅ ቅሌት ሆኖ በ2007 የክፍለ ሀገሩ እምባ ጠባቂ ምርመራ አውጥቶበታል። ቲኬት ላይ አስቀድሞ መፈረምና ውጤቱ ለደንበኛው ፊት ለፊት የሚታይበት ስክሪን እንዲህ ያለውን ማታለል ለመከላከል የመጡ ናቸው። ሽልማት የተከፈለበት ቲኬትም ወዲያው ይቀደዳል፤ ሙሉ ሆኖ ባንኮኒ ላይ ከቀረ ክርክር ይወልዳል።

ሳምንታዊው ሂሳብ

ድርጅቱ ብዙ ጊዜ በሳምንት አንዴ መግለጫ ያወጣል፦ የማሽን ሽያጭ፣ ሂሳብ ውስጥ የገቡ ጥቅሎች፣ ተቀናሽ ኮሚሽን፣ ተቀናሽ የተከፈለ ሽልማት፣ የሚከፈል ቀሪ። ቀሪው ከሱቁ የባንክ ሂሳብ በቀጥታ ይወሰዳል። በዚያ ቀን ባንክ ውስጥ በቂ ገንዘብ ከሌለ ማሽኑ ሊቆለፍ ይችላል። የሎተሪን ገንዘብ ለሸቀጥ መግዣ ማዋል ይህንን ነው የሚያመጣው፣ በተለይ ገበያ ሲቀዘቅዝ። የተለየ የባንክ ሂሳብ ከፍቶ የየቀኑን ማስገባት ቀላሉ መንገድ ነው።

መግለጫውን ከሺፍት ወረቀቶቹ ጋር ሲያስተያዩ የማሽኑ ሽያጭና ሽልማቱ በትክክል መግጠም አለባቸው። የሚፋቀው ግን አይገጥምም፣ መግጠምም የለበትም፤ ሱቁ የሚቆጥረው የተሸጠ ቲኬት ነው፣ ድርጅቱ የሚያስከፍለው ሙሉ ጥቅል። መሃል ላይ ያለው ልዩነት ሳጥን ውስጥ ከቀሩት፣ ግን ድርጅቱ ካስከፈለባቸው ቲኬቶች ዋጋ ጋር መመሳሰል አለበት፣ ድርጅቱ ገና ያላስከፈለባቸው ጥቅሎች ሽያጭም በተቃራኒው ይታሰባል። በወር አንዴ ሳጥኑንና መጋዘኑን ሙሉ በሙሉ ቆጥሮ፣ ድርጅቱ “እናንተ ጋ አለ” ከሚለው ዝርዝር ጋር በጥቅል ቁጥር ማመሳከር የግድ ነው። ጨዋታ ሲዘጋም የተረፈው የሚመለስበት ቀን ገደብ አለው። ከቀኑ በፊት ከተመለሰ ዋጋው ለሱቁ ይታሰብለታል፣ ካለፈ ሱቁ እንደገዛው ይቆጠራል።