ስለሚግል ሶኬት በቤታችን የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ አክስቴ እንጀራ ስትጋግር እያገዝኳት ነበር። ሦስተኛው እንጀራ ሲወጣ የሚቃጠል ላስቲክ ሸተተን። ምጣዱ ደህና ነው። ሽታው ከግድግዳው ነበር። የሶኬቱ ዙሪያ ቡኒ ሆኗል፣ የስፒናው አንድ እግር ጠቁሯል። ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤቶች ሁሉ የየራሳቸውን ምክንያት ሰጡ። አብዛኛው ስህተት ነበር።

«ምጣድ ሲሠራ ሶኬት መጋሉ ያለ ነው»

ለብ ማለት ያለ ነው። እጅ አላስይዝ ካለ ግን ጉዳት አለ ማለት ነው። ብዙ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ነው። የተለመደው የግድግዳ ሶኬት አቅሙ እዚያ ላይ ያበቃል። ትንሽ ከላላ ማምለጫ የለውም።

«ችግር ቢኖር ብሬከሩ ይወርድ ነበር»

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ እኔም አምንበት ነበር። ብሬከር የሚወርደው ከልክ ያለፈ ከረንት ሲያልፍበት ነው። የላላ ሶኬት ከረንቱን አይጨምርም፤ እዚያችው ስፒናው የሚነካበት ቦታ ላይ ሙቀት ይፈጥራል። የ0.1 ኦም እንቅፋት ብቻ ቢኖር፣ በ16 አምፔር ከ25 ዋት በላይ ሙቀት ይወጣል። ሬዲዮ ጠጋኝ ሊድ የሚያቀልጥበትን ካውያ ሶኬቱ ውስጥ እንደመሰካት ነው። ብረቱ በጋለ ቁጥር ይዝጋል፣ ይላላል፣ ከዚያ የባሰ ይግላል። ብሬከሩ ይህን ሁሉ አያውቅም።

«ኮምቦልቻ ቢሆን እሺ፣ በደሴ ብርድ እንዴት ይግላል?»

ሙቀቱ የሚነሳው ከውስጥ ስለሆነ የደሴ ብርድ አያድነውም።

«ስፒናውን ቀይሩት፣ ይበቃል»

አምና ያደረግነው ይህንኑ ነው። አዲሱም ተቃጠለ። ሶኬቱ ውስጥ ያለው መያዣ አንዴ ከጋለ ጉልበቱን ያጣል፤ አዲስ ስፒናም አጥብቆ አይዝም። ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ። የጠቆረው የሽቦ ጫፍም ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ድረስ ይቆረጣል።

«እንጨት ሰካ አድርገህ አጥብቀው»

እባካችሁ ተዉት። እንጨትም ወረቀትም ለእሳቱ ማገዶ ነው። ማከፋፈያ ላይ መሰካትም መፍትሔ አይደለም፤ ብዙው ማከፋፈያ ከ10 አምፔር በላይ አይችልም።

«ከጨሰ ቶሎ መንቀል፣ ካልሆነ ውሃ»

ውሃ በፍጹም! የቀለጠ ስፒናም ኤሌክትሪክ እያለ አይነካም። መጀመሪያ ቆጣሪው ጋ ሄዶ ብሬከሩን ማውረድ ነው።

በማግስቱ ኤሌክትሪሺያን መጣ። ሶኬቱን ሲፈታው የሽቦው ቡሎን በጣት ዞረ፤ ያን ያህል ላልቶ ነበር። ለምጣዱ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ሽቦ ለብቻው ዘርግቶ የራሱን ብሬከር አደረገለት። አክስቴ አሁንም ሦስተኛው እንጀራ ሲወጣ መዳፏን ከሶኬቱ አጠገብ ግድግዳው ላይ ታሳርፋለች።