ከአንድ የእንጉዳይ ማብቀያ ጥቅል ተደጋጋሚ ምርት ማግኘት

የቤት ውስጥ የእንጉዳይ ማብቀያ ጥቅል ፈንገሱ አስቀድሞ የተዘራበት፣ ተስፋፍቶ የሰፈረበትና ለማፍራት የተቃረበ ማብቀያ ነው። በካርቶን ወይም በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ይመጣል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ ሰጋቱራ፣ የተከተፈ ጭድ ወይም የቡና አተላ ሲሆን፣ ምርቱ እንዲጨምር ፉርሽካ የተቀላቀለበትም አለ። ተጠቃሚው ከረጢቱን ቀድዶ ውሃ እየረጨ ሲንከባከበው በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ የመጀመሪያውን ምርት ይለቅማል። ከዚያ በኋላ የማብቀያው ክብደት ይቀንሳል፣ ይጨማደዳል፣ ነጭ የነበረው ገጹ ይወይባል። ብዙ ሰው ሞቷል ብሎ የሚጥለው በዚህ ጊዜ ነው። ይህ እጅግ የሚያሳዝን ብክነት ነው። በዚያ ቀን የሚጣለው ማብቀያ ውስጡ ገና ሕያው ነው፤ የጎደለው ውሃና ዕረፍት ብቻ ነው። በአግባቡ የተያዘ የኦይስተር እንጉዳይ (በዘለላ የሚበቅል፣ ቆቡ የዛጎል ቅርጽ ያለው ዝርያ) ጥቅል ሁለትና ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዴም አራት ጊዜ ያፈራል።

ምርቱ በዙር የሚመጣው ለምንድን ነው

ቆብና አገዳ ያለው፣ እንጉዳይ ብለን የምንለቅመው ነገር የፈንገሱ ፍሬ እንጂ ዋና አካሉ አይደለም። ዋናው አካል ማይሲሊየም የሚባለው፣ ማብቀያውን ከዳር እስከ ዳር የወረረው ነጭ የክር መረብ ነው። ይህ መረብ ኢንዛይሞችን እያመነጨ በእንጨትና በጭድ ውስጥ ያሉትን ሊግኒንና ሴሉሎስን ያፈርሳል፤ ከዚያ የሚያገኘውንም ምግብ በክሮቹ ውስጥ ያጠራቅማል። ንጹህ አየር፣ ብርሃን፣ እርጥበትና ለብዙዎቹ ዝርያዎች ደግሞ ትንሽ ቅዝቃዜ ሲያገኝ ያጠራቀመውን ወደ ፍሬ ያዞረዋል። ኦይስተር እንጉዳይ እምቡጡ ከታየ በኋላ በየቀኑ መጠኑን እጥፍ ሊያደርግ የሚችለው ከዚህ ክምችት ስለሚመገብ ነው። ክምችቱ ሲያልቅ ፍሬ ማውጣቱ ይቆማል፤ መረቡም እንደገና ወደ መብላትና ወደ ማጠራቀም ይመለሳል። እያንዳንዱ የማፍራት ወቅት አንድ ዙር ይባላል።

ውሃው የተለየ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ትኩስ እንጉዳይ ከክብደቱ 90 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። ስለዚህ 400 ግራም እንጉዳይ የለቀመ ሰው 360 ግራም ያህል ውሃ ከቤቱ ማብቀያ አውጥቷል ማለት ነው፤ ይህ ውሃ ደግሞ በዋናነት የመጣው ከማብቀያው ውስጥ ነው። በየቀኑ በመርጫ ጠርሙስ የሚረጨው ውሃ በዙሪያው ያለውን አየር ያረጥባል፣ እምቡጦቹ እንዳይደርቁም ይጠብቃል፤ ከውስጥ የተወሰደውን ግን አይተካም። ለሳምንታት በትጋት ሲረጩ ቆይተው ሁለተኛውን ዙር ያላዩ ሰዎች ችግራቸው ስንፍና ሳይሆን ይህንን ልዩነት አለማወቅ ነው።

ምግቡ በበኩሉ ውስን ነው። አምራቾች ምርታማነትን የሚለኩት በዙሮቹ ሁሉ የተለቀመውን ትኩስ እንጉዳይ ክብደት ከማብቀያው ደረቅ ክብደት ጋር በማነጻጸር ነው፤ 1 ኪሎ ግራም ደረቅ ማብቀያ በድምሩ 1 ኪሎ ግራም ትኩስ እንጉዳይ ሲሰጥ 100 በመቶ ይባላል። ከዚህ ድምር ግማሹ ወይም ከዚያ የሚበልጠው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ዙር ይወጣል። ሁለተኛው ያንሳል፤ ሦስተኛው ጥቂት ዘለላዎች ቢሰጥ የሚጠበቅ ነው። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ስላነሰ የተሳሳተ ነገር ተፈጽሟል ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም።

የለቀማው ቀን

ሁለተኛው ምርት በአብዛኛው የሚወሰነው የመጀመሪያው በሚለቀምበት ሰዓት ነው። ኦይስተር እንጉዳይ ገና ሲያድግ የቆቡ ጠርዝ ወደ ታች የታጠፈ ነው። ጠርዙ መዘርጋት ሲጀምር፣ ወደ ላይ ከመገልበጡ በፊት መልቀም ይገባል። ከዚያ ካለፈ ስፖር የሚባለውን የመራቢያ ብናኝ መርጨት ይጀምራል፤ በጠረጴዛው ላይና በታችኞቹ ቆቦች ላይ እንደ ዱቄት የሚያርፈው ነጭ ነገር ይኸው ነው። እንጉዳዩ ጥራቱን ከማጣቱም በላይ ብናኙን በብዛትና ለረጅም ጊዜ መተንፈስ ሳንባን ያስቆጣል። በትልልቅ የእንጉዳይ ማምረቻዎች ውስጥ የሚሠሩ ሰዎችን የሚያጠቃ፣ ከዚህ ጋር የተያያዘ የታወቀ የሳንባ ሕመም አለ። አንድ ጥቅል ይህን ያህል አያሰጋም፤ አስም ያለበት ሰው ባለበት ቤት ግን ቀደም ብሎ መልቀም ብልህነት ነው።

ዘለላውን ከሥሩ ይዞ በቀስታ ጠምዝዞ ማውጣት ትልልቆቹን ብቻ መርጦ ከመቁረጥ ይሻላል። ከትልልቆቹ ጋር በአንድ እግር ላይ ያሉት ትንንሾች ቢተዉ አብዛኞቹ አያድጉም፤ ደርቀው ይቀራሉ። ቀጥሎ ያለውን ሥራ ብዙዎች ይዘሉታል። በማብቀያው ላይ የቀረውን ጉቶ፣ የደረቁ እምቡጦችንና የላሉ ቁርጥራጮችን በንጹህ ቢላ ወይም በማንኪያ ጠርዝ አንድ ሳያስቀሩ ማጽዳት ያስፈልጋል። የቀረ ጉቶ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ጉቶ ደግሞ ትንንሽ ጥቋቁር ትንኞችን ይጠራል፣ ለአረንጓዴ ሻጋታም በር ይከፍታል። ከምክሮቹ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው። ነጩን ገጽ ግን በጥልቀት መፋቅ አይገባም፤ ቀጣዩ እምቡጥ የሚወጣው ከእርሱ ነው።

ዕረፍትና መዘፍዘፍ

ከጽዳቱ በኋላ ማብቀያው ከ7 እስከ 14 ቀን ያርፋል። ቀዳዳው ላላ ባለ ፕላስቲክ ይሸፈናል ወይም የከረጢቱ አፍ ይታጠፋል፤ በእነዚህ ቀናት ውሃ አይረጭም። መረቡ የቆሰለውን ገጹን በአዲስ ነጭ ሽፋን ይጠግናል፣ ከውስጥም ምግብ ያጠራቅማል። ባዶ ገጽ ላይ በየቀኑ ውሃ መርጨት በዚህ ጊዜ የሚረዳው ሻጋታን ነው። አንዳንዶች ከለቀማው ማግስት ወዲያውኑ ይዘፈዝፋሉ፤ ይህም ይሠራል። እኔ ግን ዕረፍቱ እንዲቀድም እመክራለሁ። ቁስሉ ሳይሽር የተዘፈዘፈ ማብቀያ ለብክለት ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ ከዕረፍት በኋላ የሚመጣው ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ጥማትን ከማርካት አልፎ ‹አሁን አፍራ› የሚል ምልክት ሆኖ ያገለግላል።

ለመዘፍዘፍ ጥቅሉ ከካርቶኑ ይወጣና ለመጠጥ በሚሆን ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ይገባል። ማብቀያው ስለሚንሳፈፍ ሳህን ወይም ሌላ ክብደት ይጫንበታል። ለኦይስተር ከ6 እስከ 12 ሰዓት፣ ማለትም ማታ ገብቶ ጠዋት ቢወጣ ይበቃል። ከ24 ሰዓት በላይ ማቆየት ጎጂ ነው፤ በውሃ የተዋጠው መረብ አየር ያጣል፣ አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ይራባሉ፣ ማብቀያውም የኮመጠጠ ሽታ ያመጣል። ከወጣ በኋላ ቀዳዳው ወደ ታች ተደርጎ ለአንድ ሰዓት ያህል ይንጠፈጠፋል። ከከረጢቱ ግርጌ ውሃ ተጠራቅሞ መቅረት የለበትም። ስኳር፣ ማዳበሪያ ወይም ሌላ ‹ምግብ› በውሃው ውስጥ መጨመር የደግነት ስሕተት ነው፤ ቀድመው የሚበሉት ሻጋታና ባክቴሪያ ናቸው።

ምን ያህል ውሃ እንደሚያስፈልግ በዓይን መገመት ከባድ ስለሆነ ሚዛን ትልቅ ረዳት ነው። ጥቅሉ አዲስ ሳለ መዝኖ ክብደቱን በከረጢቱ ላይ መጻፍ፣ ከለቀማና ከዕረፍት በኋላም እንደገና መመዘን ጉድለቱን ያሳያል። ከተዘፈዘፈ በኋላ ወደ መጀመሪያው ክብደት ቢቃረብ ጥሩ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ባይደርስ ግን አያስደንቅም። ፈንገሱ ከማብቀያው የተወሰነውን በልቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አድርጎ ተንፍሶታል፤ ያ ክብደት በውሃ አይመለስም፣ መመለስም የለበትም።

እንደገና ማስነሳት

የተንጠፈጠፈው ማብቀያ ወደ ብርሃንና ወደ አየር ይመለሳል። የመጀመሪያው ቀዳዳ ደክሞ ወይም ደርቆ ከታየ ከረጢቱን አዙሮ በሌላው ጎን አዲስ መስቀለኛ ቀዳዳ መክፈት ብዙ ጊዜ ይጠቅማል፤ ያልተነካ ነጭ ገጽ ከተጎዳው ፈጥኖ ያፈራል። ተራው ኦይስተር ከ15 እስከ 21 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ክፍል ውስጥ ይስማማዋል። በዙሪያው ያለው አየር ከ85 እስከ 95 በመቶ እርጥበት ቢኖረው ይመረጣል። ቀዳዳዎች ያሉት ሰፊ ላስቲክ እንደ ድንኳን ከላዩ ቢደረግና በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ውስጡ ቢረጭ በቤት ውስጥ ወደዚህ መጠን መቃረብ ይቻላል። ብርሃኑ መጽሐፍ ለማንበብ የሚበቃ ይሁን፤ ቀጥተኛ ፀሐይ ግን ያደርቀዋል። እምቡጦቹ በ5 እና በ10 ቀን መካከል ይታያሉ።

ፈንገሱ የጎደለውን በቅርጹ ይናገራል። አገዳው ረዝሞ ቆቡ ትንሽ ከቀረ የታፈነ አየር ወይም የብርሃን እጥረት አለ። በአገዳው ሥር ነጭ ጸጉር የሚመስል ነገር ከበቀለ ሻጋታ ላይሆን ይችላል፤ አየር ሲታፈን ማይሲሊየሙ ራሱ እንዲህ ይነሳል፣ ላስቲኩን ማራገብ ብቻ ይበቃዋል። እምቡጦቹ በብዛት ወጥተው ቡናማ ሆነው ከቆሙ ደረቅ ነፋስ መቷቸዋል። በቆቡ ላይ ቢጫና ቡናማ ነጠብጣብ ከታየ ውሃ በላዩ ተኝቶ ባክቴሪያ ይዞታል፤ ከዚያ በኋላ በእንጉዳዩ ላይ ሳይሆን በላስቲኩ ግድግዳ ላይ መርጨት ነው።

ሁሉም ዝርያ አንድ ዓይነት አይደለም

እስካሁን የተባለው በዋናነት ለኦይስተር ነው። ሮዝ ቀለም ያለው ኦይስተር ሙቀት ይወዳል፤ ሌሎቹን በማቀዝቀዣ ለጥቂት ሳምንታት ማቆየት ሲቻል እርሱን ግን ቅዝቃዜው ሊገድለው ይችላል። ንጉሥ ኦይስተር የሚባለው ወፍራሙ ዝርያ ኃይሉን በመጀመሪያው ዙር ስለሚያፈስ ከሁለተኛው ብዙ አይጠበቅም።

ሺታኬ ትዕግሥት ይጠይቃል። ማብቀያው ቡናማ ቆዳ ያወጣል፤ ይህ የጤና ምልክት እንጂ መበስበስ አይደለም። ከለቀማ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት በመጠኑ እየደረቀ ያርፍና ከ12 እስከ 24 ሰዓት በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል። ይኸው ዝርያ በጠንካራ እንጨት ግንድ ላይ ሲዘራ ለበርካታ ዓመታት ያፈራል፤ አምራቾችም ግንዶቹን ውሃ ውስጥ እየከተቱ የማፍሪያ ጊዜያቸውን ይወስናሉ። በቤት ጥቅል ላይ የሚደረገው መዘፍዘፍ የዚህ አሠራር ታናሽ ወንድም ነው።

የአንበሳ ጎፈር የሚባለው ጸጉራማ እንጉዳይ መዘፍዘፍ አይወድም። ቀዳዳው ትንሽ ሆኖ ውስጡ እርጥበቱን ይዞ እንዲቆይ ይደረጋል፤ ለሁለተኛው ዙር ሌላ ትንሽ ቀዳዳ መክፈት ይሻላል። ውሃ በቀጥታ ሲያርፍበት ጸጉሩ ይጠወልጋል፣ ቡናማም ይሆናል።

ሻምፒኞን የተባለው ክብ ነጭ እንጉዳይ ጨርሶ ሌላ ነው። የሚበቅለው በበሰለ ብስባሽ ላይ ሲሆን፣ ከላዩ እርጥበት የሚይዝ የአፈር ሽፋን ይደረግበታል። አመራረቱን ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ቱርንፎር እ.ኤ.አ. በ1707 በፓሪስ በዝርዝር ጽፎታል። ይህ ጥቅል ባልዲ ውስጥ አይነከርም፤ የአፈር ሽፋኑ ብቻ በጥቂት በጥቂቱ ይረጥባል። እንጉዳዩ ሲወጣ የሚቀረው ጉድጓድም በተመሳሳይ እርጥብ አፈር ይሞላል። ዙሮቹ በ7 እና በ10 ቀን ልዩነት ይከታተላሉ።

ሻጋታና የመጨረሻው ዙር

ማብቀያው በዕድሜ በገፋ ቁጥር መከላከያው ይደክማል፤ ስለዚህ ሻጋታ በሦስተኛው ዙር ላይ መታየቱ ከመጀመሪያው ይልቅ የተለመደ ነው። ዋናው ጠላት ትሪኮደርማ ነው። መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ከማይሲሊየሙ ጋር ይመሳሰልና በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ደማቅ አረንጓዴ ይሆናል። ትንሽ ነጠብጣብ ከሆነ ከቤት ውጭ ወስዶ ዙሪያውን አስፍቶ ቆርጦ መጣል ይቻላል። ከተስፋፋ፣ ወይም ብርቱካናማ ሻጋታ ከታየ፣ ከረጢቱን በቤት ውስጥ ሳይከፍቱ ማስወገድ ነው። ከጥቅሉ ላይ ከተዘራው ዝርያ የማይመስል እንጉዳይ ቢበቅል ፈጽሞ አይበላም። የሚታወቀውም ቢሆን በደንብ ይብሰል፤ በተለይ በቂ ሙቀት ያላገኘ ሺታኬ በአንዳንድ ሰዎች ቆዳ ላይ የጅራፍ ሰንበር የሚመስል ሽፍታ ያወጣል።

ሁለት ጊዜ ተዘፍዝፎ በአራት ሳምንት ውስጥ አንድም እምቡጥ ያላወጣ፣ በጣት ሲጫኑት የሚፈረፈርና ቡናማ የሆነ ማብቀያ ምግቡን ጨርሷል። አዲስ ጭድ ለመዝራት ያገለግል እንደሆነ ብዙዎች ይጠይቃሉ። ይቻላል፤ ጭዱ ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ባለ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ ቀዝቅዞና ተንጠፍጥፎ ከተፈረፈረ ማብቀያ ጋር ይደባለቃል። ነገር ግን ለዚህ የሚመረጠው ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ያለ ብርቱ ማብቀያ እንጂ ሦስት ጊዜ አፍርቶ የደከመው አይደለም። የደከመውን ፈርፍሮ ጥላ ባለበት የአትክልት ቦታ፣ ከጭድ ወይም ከእንጨት ፍርፋሪ ሥር መቅበር ይሻላል። አፈሩን ያለሰልሳል፣ ለትሎችም ምግብ ይሆናል፤ ማይሲሊየሙ ጨርሶ ካልሞተም ዝናብ ከጣለ በኋላ አንድ ሁለት ዘለላ ከአፈሩ ላይ ሊያወጣ ይችላል።