ራስን ማረጋጋት ምንድን ነው? ከ“አይዞህ” እስከ “አይዞኝ”

የካቲት ላይ፣ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት እንደተጀመረ፣ አንድ አዲስ ልጅ አራተኛ ክፍል ገባልኝ። ሰፈራቸው ለልማት ሲነሳ ቤተሰቡ ከመሀል አዲስ አበባ ወደ ከተማዋ ዳር፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የመጣ ነው። ሁለተኛ ሳምንቱ ላይ ይመስለኛል፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ሲል “ቲቸር፣ ሆዴን አመመኝ” ማለት ጀመረ። የመጀመሪያ ቀን እህቱን አስጠርቼ ወደ ቤት ሰደድኩት። በማግስቱ ውሃ ጠጣ አልኩት። በአራተኛው ቀን ትዕግስቴ አለቀና ሃምሳ ምናምን ልጅ ፊት “አሁንስ በቃ! ተረጋጋ!” ብዬ ጮህኩበት። የባሰ ደነገጠ። ደብተሩ ላይ አስመለሰው።

ደብተሩን በሶፍት እየጠረግኩ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። “ተረጋጋ” የሚለውን ቃል በቀን አሥር ጊዜ እላለሁ፤ እንዴት እንደሚረጋጉ ግን ለአንድም ልጅ አሳይቼ አላውቅም።

ራስን ማረጋጋት ማለት ፍርሃት፣ ንዴት፣ ኀዘን ወይም እፍረት ሲነሳ መነሳቱን ማወቅ፣ ስሜቱ እንዳሻው ይዞን እንዳይሄድ መቆየት፣ ከዚያም ወደ ያዝነው ነገር መመለስ መቻል ነው። ትምህርት ላይ ከሆነ ወደ ትምህርቱ፣ ጨዋታ ላይ ከሆነ ወደ ጨዋታው፣ ሌሊት ከሆነ ወደ እንቅልፉ። ስሜቱማ መነሳቱ አይቀርም፤ ሰው ነንና። እኛ አስተማሪዎች በብዛት የምንሳሳተው ዝምታን ከመረጋጋት ስንቆጥር ነው። ድምፁን ያጠፋ ልጅ ስናይ “እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው” እንላለን። “ሆድ ይፍጀው” ብሎ የዋጠ ልጅ ግን ጉዳዩን ለሌላ ቀን አቆየው እንጂ አልተረጋጋም።

ሆድን ካነሳን አይቀር፣ አማርኛችን ስሜትን ያስቀመጠው ሆድ ውስጥ ነው። ሆዱ ባባ፣ ሆድ ባሰው፣ ሆደ ባሻ ነው፣ ሆዱ ተረበሸ እንላለን። አባቶቻችን አልተሳሳቱም። ሰውነት አደጋ የመጣ ሲመስለው አድሬናሊንና ኮርቲዞል የተባሉ ሆርሞኖችን ይለቃል፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ደም ወደ እግርና ክንድ ጡንቻ ይሮጣል፣ ምግብ መፍጨቱ ይዘገያል። ሊሸሽ ወይም ሊታገል የተሰናዳ ሰውነት ቁርሱን የሚፈጭበት ፋታ የለውም። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን ስለዚህ ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ1915 ጽፎበታል። ስለዚህ “ሆዴን አመመኝ” የሚልን ልጅ ውሸታም ከማለት በፊት ሁለት ጊዜ ማሰብ ነው፤ ሆዱ የምሩን ሊታመም ይችላል፣ ምክንያቱ ከበላው ጋር ባይገናኝም። (ጃርዲያና የሆድ ትል እንደ ልብ ባለበት አገር መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ማሳየት ደግሞ ግድ ነው።)

ይህን ዝግጅት ከሚያስጀምሩት አንዱ አሚግዳላ የሚባል ትንሽ የአንጎል ክፍል ነው። ለልጆቹ በብሎካችን ጥበቃ መስዬ ነው የማስረዳቸው። ጥበቃው ሌባ ሲያይ ፊሽካ ይነፋል፤ ንፋስ የቆርቆሮ አጥሩን ሲያንኳኳም ይነፋል። ሥራው መንፋት ነው። ወጥቶ አይቶ “ንፋስ ነው፣ ተኙ” የሚል ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሌላው ሰው ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ሲሆን፣ እድገቱን የሚጨርሰው ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ነው። እንግዲህ የአሥር ዓመት ልጅ ፊሽካውን ይዞ ተወልዷል፤ ወጥቶ የሚያይለት ሰው ግን ገና በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ነው። እኔ “ተረጋጋ!” ብዬ ስጮህበት ሁለተኛ ፊሽካ ጨመርኩለት።

ታዲያ እስከዚያ ድረስ ማን ነው ወጥቶ የሚያየው? አጠገቡ ያለ ትልቅ ሰው ነዋ። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አብሮ መረጋጋት የሚሉት ይህንን ነው። ሕፃን ሲያለቅስ እናቱ አንስታ ታዝለዋለች፣ ቂጡን መታ መታ እያደረገች “እሹሩሩ” ትለዋለች፤ እርጋታዋን ያበደረችው ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ያቀረበው አንድ ሙከራ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እናት ከጥቂት ወራት ሕፃኗ ጋር ስትጫወት ትቆይና በድንገት ፊቷን እንደ ግድግዳ ታደርገዋለች። አትስቅም፣ አትቆጣም፣ ዝም ብላ ታየዋለች። ሕፃኑ ፈገግ ብሎ ይሞክራታል፤ እጁን ይዘረጋል፣ ድምፅ ያሰማል። እንቢ ስትለው ፊቱን ያዞራል፣ ይነጫነጫል፣ ያለቅሳል። ሁሉም የሚሆነው በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ነው። እናቱ የትም አልሄደችም፣ አልቆነጠጠችውም፤ ፊቷ ብቻ ነው የጠፋበት። ይህን ካወቅኩ ወዲህ፣ ማታ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ ለገዛ ልጄ “እሺ፣ አይዞህ” ስል ራሴን እታዘባለሁ።

“አይዞህ”ን ግን ቀና ብለው ሲሉት የሚተካከለው ቃል የለም። “ምንም አልሆንክም” ብሎ አይክድም፤ “ምን ያስለቅስሃል” ብሎ አይወቅስም። አለሁ ነው የሚለው። ለትልቅ ሰው ሲሆን ይህን ሁላችንም እንችልበታለን። ለቅሶ ቤት የሄደ ጎረቤት ሐዘንተኛውን “ተረጋጋ” ብሎ አያዘውም፤ ድንኳን ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ አንዳንዴ ግማሽ ቀን ሙሉ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ይቀመጣል። የሟች የልጅ ልጅ ግን ያን ቀን ጎረቤት ቤት ካርቱን ከፍተንለት እንሄዳለን፤ “ልጅ ምን ያውቃል” ብለን። ለምን እንደምንነፍገው እስካሁን አልገባኝም።

የቃሉ ውበት ደግሞ እርባታው ላይ ነው። አይዞህ፣ አይዞሽ፣ አይዞን፣ አይዞኝ። ልጅ ለራሱ “አይዞኝ” ለማለት የሚበቃው “አይዞህ”ን ለዓመታት ከሰማ፣ “አይዞን”ን ደግሞ ከሰው ጋር ካለ በኋላ ነው። ራስን ማረጋጋት በአማርኛ ምን ማለት ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ይህቺን እርባታ ነው የምጽፍላችሁ።

እዚህ ከተማ ዳር ላይ ይህን የእርጋታ ብድር የሚያስወድዱ ነገሮች አሉ። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፤ ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ መነሻ እንደመሆኑ መኪናው አያልቅም፤ መሀል ከተማ ለመድረስ ግን ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው የሚነጋው። ወላጅ ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ ማታ ደክሞት ይገባል። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም አራተኛ ፎቅ ላይወጣ ይችላል፣ ስለዚህ ጀሪካን አለ። አንዳንዱ ቤተሰብ ልጁን ከቀድሞ ትምህርት ቤቱ ላለማስወጣት በሰርቪስ ያመላልሰዋል። ሒሳቡን እንሥራው፦ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚነሳ ልጅ የቤት ሥራውን ጨርሶ ማታ 4 ሰዓት ቢተኛ ሰባት ሰዓት አገኘ ማለት ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው ከ9 እስከ 12 ሰዓት ነው። እንቅልፍ ያነሰው ልጅ በትንሹም በትልቁም ፊሽካ ይነፋል፤ ይህን ለማወቅ ሰኞ ጠዋት የኔን ክፍል ማየት በቂ ነው።

ከዚያ ላይ ፈተና ይጨመራል። ስድስተኛና ስምንተኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና አለ። የ12ኛ ክፍሉ ዜና ደግሞ ታናናሾቹም ጆሮ ይደርሳል። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ሲገለጽ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። አባት ይህን በቴሌቪዥን ይሰማና ዞር ብሎ የአራተኛ ክፍል ልጁን “አንተም መጨረሻህ ይኸው ነው” ይለዋል። ለማትጋት ብሎ ነው፤ አውቃለሁ። ልጁ የሚሰማው ግን ስምንት ዓመት ሙሉ የሚነፋ ፊሽካ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ያን ቀን ፊቱን አስታጥቤው ደረጃው ላይ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ምንም አልጠየቅኩትም፤ ትንሽ ቆይቶ ራሱ “ደበረኝ” አለ። የዘንድሮ ልጆች ሁሉንም ነገር ደበረኝ ነው የሚሉት፤ ፈርተውም፣ አፍረውም፣ ተናደውም፣ ርቧቸውም ደበረኝ ነው። “የናፍቆት ደበረኝ ነው፣ የፍርሃት ደበረኝ ነው፣ ወይስ የንዴት?” አልኩት። አሰበና “የናፍቆት” አለ። ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። በድሮው ትምህርት ቤቱ ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ቀጥሎ እረፍት ነበር፤ ከአክስቱ ልጅ ጋር አንድ ሳምቡሳ ለሁለት ይበሉ ነበር። እዚህም እረፍቱ በዚያው ሰዓት ነው፤ ደወሉ ሲደወል ግን የሚሄድበት ሰው የለውም። እኔ ደግሞ ሒሳብ ጠልቶ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

የሚረዳው የመጀመሪያው ነገር ስም ነው፤ ስሜትን በስሙ መጥራት ብቻውን ጉልበቱን ይቀንሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የአንጎል ምስል ጥናት ሰዎች ያዩትን ስሜት በቃል ሲሰይሙ ያ ፊሽካ ነፊ የአንጎል ክፍል ረገብ እንደሚል አሳይቷል። ለልጅ ደግሞ ስሞቹን ማበደር የኛ ፋንታ ነው፦ ከፋኝ፣ ቀናሁ፣ ሰጋሁ፣ ናፈቀኝ፣ ሆዴ ባባ።

ሁለተኛው ነገር ትንፋሽ ነው። “ጥልቅ ትንፋሽ ውሰዱ” ስላቸው ደረታቸውን ነፍተው ትከሻቸውን ጆሯቸው ድረስ ይሰቅላሉ፣ አይሆንም። ትኩስ ሻይ በያዙ ጊዜ የሚያደርጉትን ግን ሁሉም ያውቃል። በአፍንጫ የሻዩን ሽታ ይስባሉ፤ ከዚያ ሻዩ እንዳይፈስ ቀስ አድርገው እፍፍፍ ይላሉ። ቁም ነገሩ ወደ ውጭ የሚወጣው ትንፋሽ መርዘሙ ነው፤ ስናስወጣ የልብ ምት ቀነስ ይላልና። አምስት ስድስት ጊዜ ይበቃል። እኛ ክፍል ከፈተና በፊት ሁሉም ባዶ እጁን እንደ ብርጭቆ ይዞ እፍ ይላል። ከኋላ ወንበር “ስኳር አነሰው!” የሚል አይጠፋም፣ ይስቃሉ፤ ሳቁንም አልጠላውም። ልምምዱ ግን በደህና ቀን መሆን አለበት። ዋና በጎርፍ ቀን አይማሩትም።

ሦስተኛው ሥራ ነው። ልጁ ከአንድ ተጫዋች የክፍሉ ልጅ ጋር በእረፍት ሰዓት ደብተር ወደ ስታፍ እንዲያደርስ አደረግኩ። ስታፍ የሚሄድበት ሰበብ ነው፤ ሲመለሱ አብረው ይመለሳሉ። ከወር በኋላ የሆዱ ነገር ቀነሰ። ጠፋ አልልም፤ ፈተና ሰሞን ይመጣል።

“ራስን መንከባከብ” የሚለው ቃል ሰሞኑን የፀጉር ቤት ማስታወቂያ መስሏል። ለልጅ ሲሆን ግን ተራ ነገር ነው፦ መተኛት፣ መብላት፣ ሜዳ ላይ መሮጥ፣ አንድ ጓደኛ፣ በቀን ትንሽ ሳይቆጡት የሚውልበት ሰዓት።

ይህ ሁሉ የማይበቃበት ጊዜም አለ። ልጁ ከሁለት ሳምንት በላይ ካኮረፈ፣ የሚወደውን ጨዋታ ከተወ፣ ምግብ እንቢ ካለ፣ አቁሞት የነበረ አልጋ ማርጠብ ከተመለሰበት ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው፤ ከዚያ ወደ አማኑኤል ወይም ወደ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ሊልኩት ይችላሉ። “ብሞት ይሻለኛል” ካለ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ ያኑ ዕለት ነው። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ እኔም እሄዳለሁ፤ ሐኪሙን ግን አያስቀረውም።

ሚያዝያ ላይ እናቱን ለውጤት ካርድ ስትመጣ አገኘኋት። ሥራዋ ቦሌ አካባቢ ነው፣ ጽዳት። የትንፋሹን ነገር ልጁ ነግሯት ኖሯል። “መምህር፣ እኔ እኮ በር ስከፍት ነው ፊቴን የሚያነበው” አለችኝ። “ታክሲው ላይ የተሰደብኩትን ሁሉ ይዤበት ነበር የምገባው።” አሁን ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ጀሪካኗን ታስቀምጥና ደረጃው ላይ ትቀመጣለች አሉ። ልጁ ከላይ በብረቱ አንገቱን አስግጎ “መጣሽ?” ይላታል። “መጣሁ፣ ሻዬን ላብርድ” ትለዋለች።