ሳንታ ማሪያ ዴል ማር፦ ጫኝና አውራጆች የገነቡት ቤተ ክርስቲያን

ባርሴሎና ከሄዳችሁ የሳንታ ማሪያ ዴል ማርን ዋና በር ዝም ብላችሁ አትለፉት። በሩ ላይ ትንንሽ የነሐስ ምስሎች አሉ። ጎንበስ ያለ ሰው፣ ጀርባው ላይ ድንጋይ። ንጉሥ አይደለም፣ ጳጳስም አይደለም። ወደብ ላይ ጭነት እያወረደ የሚኖር ጫኝና አውራጅ ነው።

የስሙ ትርጉም የባሕሯ ቅድስት ማርያም ነው። ያኔ ባሕሩ እዚያው አጠገብ ነበር፣ የሪቤራ ሰፈር ሰውም መርከበኛ፣ ነጋዴና ጫኝ አውራጅ ነበር። ግንባታው በ1329 ተጀመረ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከመሐንዲሶቹ አንዱ ቤሬንጌር ደ ሞንታጉት ነበር። ወጪውን የሸፈኑት የአጥቢያው ምዕመናን ናቸው፤ ገንዘብ የሌላቸው ጫኝ አውራጆች ደግሞ ከሞንጁይክ ተራራ የተፈለጠውን ድንጋይ በጀርባቸው እየተሸከሙ፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው እየተመላለሱ፣ ለቤተ ክርስቲያናቸው አደረሱ።

ሥራው በ1383 አለቀ። 54 ዓመት ብቻ! እዚያው ከተማ ያለው ካቴድራል በ1298 ተጀምሮ የፊት ገጽታው የተሠራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ፍጥነቱ ለሳንታ ማሪያ በጅቷታል። ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ናት፣ የካታላን ጎቲክ የሚባለውን፣ የባርሴሎና አካባቢን የመካከለኛው ዘመን የሕንጻ አሠራር ጥርት አድርጋ ታሳያለች።

ከውጭ ስትታይ ግን ምሽግ ነው የምትመስለው። ግድግዳዋ ልሙጥና ድፍን ነው፣ ጣሪያዋም ጠፍጣፋ። ውስጥ ስትገቡ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ስምንት ማዕዘን ያላቸው ቀጫጭን ዓምዶች ቀጥ ብለው ይወጣሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት 13 ሜትር ያህል ስለሆነ የትም ብትቆሙ ዓይናችሁን የሚጋርድ ነገር የለም። ግራና ቀኝ ያሉት ክፍሎች በቁመት ከመሃለኛው ብዙም ስለማያንሱ ሦስቱ አንድ ሰፊ አዳራሽ ይመስላሉ። ግድግዳውን የሚደግፉት ግንቦችም ወደ ውስጥ ገብተው ትንንሽ ጸሎት ቤቶችን ፈጥረዋል። እኔ ከዚህ የበለጠ ብልህ አሠራር አላየሁም።

ያለ መከራ ግን አልቆየችም። በ1428 የመሬት መንቀጥቀጥ ከፊት ለፊት ያለውን ትልቁን ክብ መስኮት አፈራረሰው፣ ከሥሩ የነበሩ ሰዎችም ሞቱ። ዛሬ የሚታየው ከዚያ በኋላ የተተካው ነው። በ1936፣ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲጀመር፣ ቤተ ክርስቲያኗ ተቃጠለች። እሳቱ ለ11 ቀን ነደደ። በባሮክ ዘመን (በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ፣ ጌጥ የሚበዛበት የጥበብ ዘመን) የተሠራው መንበርና ኦርጋኑ ወደሙ። ቀና ብላችሁ ጣሪያውን ብታዩ ጥላሸቱ አሁንም አለ። ጥፋቱ ያንገበግባል። ያም ሆኖ ጌጡ ሲነሳ የድሮዎቹ ግንበኞች ሥራ ዕራቁቱን ቀርቶ፣ በብርሃን ተሞልቶ ይታያል።

ከጎኗ ፎሳር ዴ ሌስ ሞሬሬስ የሚባል አደባባይ አለ። የድሮ መቃብር ነው። በ1714 ባርሴሎና ተከብባ ስትወድቅ ከተማዋን ሲከላከሉ የሞቱት እዚያ ተቀብረዋል። በየዓመቱ ከተማዋ በወደቀችበት ዕለት፣ ሴፕቴምበር 11፣ ካታላኖች (የአካባቢው ሕዝብ) አበባ ይዘው ይመጣሉ።